ለቅርብ ሰው ብቻ

በዚያ ዘመን የምርመራ ውጤት ለታማሚ አይነገርም ነበር፤ እንዳይደነግጥ ተብሎ ለቅርብ ሰው ብቻ ይላካል። የደሴዋ መምህርት የውብዳር በካንሰር መድኃኒት ምክንያት የሰውነቷ መከላከያ ከተዳከመ ወዲህ፣ ጆሮዋ ሥር የተቀበረችው ትንሽ መርማሪ መሣሪያ ያየችውን ሁሉ የምትልከው ለባሏ ለአያልነህ ነበር።

አንድ ጠዋት ወጥ ቤት ስትገባ ጣሳዎቹ ላይ በአያልነህ እጅ የተጻፉ ወረቀቶች ተለጥፈው አገኘች፤ «ጨው»፣ «ስኳር»፣ «በርበሬ»።

«ይሄ ለማን ነው?» አለችው።

«ፈንገስ አንጎልሽ ውስጥ ገብቷል። የዕቃ ስም መርሳት ትጀምራለች የሚል መልእክት ከመርማሪዋ ደርሶኛል» አላት።

«መቼ ደረሰህ?»

«አሥራ ሁለት ቀን ሆነ። ሆስፒታል ከገባሽ ቶሎ አትወጪም፤ የልጃችን ሠርግ ይለፍ ብዬ ነው።»

«ራሴን አመመኝ ስልህ ድካም ነው አልከኝ።»



የውብዳር ነጠላዋን አንስታ ብቻዋን ሆስፒታል ሄደች። ነርሷ ከመረመረቻት በኋላ ምንም ሳትነግራት አልጋ ያዘችላት።

«ውጤቱን ለባለቤትዎ እልካለሁ» አለቻት።

«አይሆንም። ለጎረቤቴ ለዘነቡ ላኪላት።»

«ምንዎ ናት?»

«ምኔም አይደለችም» አለች የውብዳር። «ግን ትነግረኛለች።»