አሰናብታቸው

አሞጽ ደግሞ ይደውላል። ያቺው የስልክ ሴትዮ ደንበኛውን ማግኘት እንደማይቻል ደግማ ትነግረዋለች። አይሱዙዋ ወደ ማንኪራ መንደር ታጥፋ ጫካው ውስጥ ገብታለች፤ እዚያ ኔትወርክ የለም። ደም ሊሰጡ የመጡት ሰዎች በሙሉ እሷ ላይ ናቸው።

ያሰናበታቸው ራሱ ነው። አመስግኖ፣ መርቆ፣ የመኪናዋን በር በገዛ እጁ ዘግቶ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት አሁን እሱ ነው።

ታላቅ ወንድሙ ባፈና ዛሬ ጠዋት የንብ ቀፎ ሲሰቅል ከዛፍ ወድቆ ነው ሆስፒታል የገባው። ሆዱ ውስጥ እየደማ ነው። የአሞጽን ደም ወስደው ሰጡት፤ አልበቃም። ሌሎቹ ተራ ሲጠብቁ የደም ግፊቱ ወረደ፣ ዓይኑ ተገለበጠ። ሲስተር ትሕትና በክንዱ በገባው ቀጭን ቱቦ አንድ መድኃኒት ሰደደች፤ እምቢ ሲላት ሌላ ጨመረችበት። ሁለቱ ሲተጋገዙ ማሽኑ ላይ ያለው ቁጥር ከፍ ከፍ አለ። ባፈና ዓይኑን ገለጠ። አሞጽ በደስታ አለቀሰ።

ባፈና አፉን ሲፈታ መጀመሪያ የጠየቀው ውጭ ስለሚንጫጩት ሰዎች ነው። ቡና ደርሶ ሳለ ይህን ሁሉ ሰው በእሱ ምክንያት ሥራ ማስፈታት ነውር መሆኑን ተናገረ። «ድኛለሁ፤ አሰናብታቸው» አለ። የታላቅን ቃል ማን ይሽራል? ቁጥሩም ይመሰክርለት ነበር።

አሁን ሲስተር ትሕትና ኮሪደሩ ላይ ቆማ ደም ሰጪዎቹን ትፈልጋለች። እንደሄዱ ሲነግራት ትከሻውን ያዝ ታደርገዋለች። ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

«መድኃኒት እኮ ደም አይሆንም፣ ወንድሜ» ትለዋለች። «ደም ሥሩን ጨመቅ አድርጎ የቀረችውን ነው የያዘለት። ደም ካልተገኘ ኦፕራሲዮን አይገባም፤ እንዲህ ሆኖ ደግሞ ብዙ አይቆይም።»

ሌላ ከተማ ደውላ ደም ልትለምን ትሮጣለች። አሞጽ ከመኪናዋ ኋላ ሞተረኛ ይልካል፤ መንገዱ ግን ጭቃ ነው። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው፣ ይላል በልቡ።

ወደ አልጋው ይመለሳል። የባፈና ከንፈር ነጥቷል። እጁ ቀዝቅዟል፤ አሞጽ በሁለት መዳፉ ይይዘዋል።

«ሄዱ?» ይላል ባፈና።

«አዎ ጋሼ፣ ሄዱ።»

«ጎሽ» ይላል፣ ደስ ብሎት። «ሳይመሽ ጥቂት ይለቅማሉ።»