ለመኪናዋ የከበደ ቤት

ኦሪን ፕሩት ቤትና መኪና እያጋባ የሚኖር ሰው ነበር። አሜሪካ፣ አይዳሆ ውስጥ፣ ከኮልተር ቁልቁለት ብዙ በማትርቅ ከተማ፣ ፒክአፕ ጀርባ ላይ የሚጫን የመንገድ ቤት የገዛ ሁሉ መጀመሪያ እሱ ግቢ ይቆማል። የትኛው ቤት ለየትኛው መኪና እንደሚሆን ይናገራል፤ የማይሆነውን ደግሞ ፊት ለፊት አይሆንም ይላል። በዚህ ጠባዩ ብዙ ገበያ ሸሽቶታል። ቢሆንም በሥራው ዋሽቶ አያውቅም።

ላይል ሀድሌ ሙቀቱ ሊጀምር ሲል አንድ ሰኞ መጣ። ስልሳን ያለፈ፣ ረጅም፣ ጎንበስ ያለ ሰው ነው። ቀላልና አሮጌ ፒክአፑን ደጅ አቁሞ ገባና፣ ተቀመጥ ሳይባል የቢሮውን በር ዘጋ።

ሚስቱ ቨርና ከአንድ ጡረተኛ ላይ የመንገድ ቤት ገዝታ መምጣቷን ነገረው። ትልቁን ዓይነት፣ አንዱ ግድግዳ እንደ መሳቢያ ወደ ውጭ ተስቦ ሳሎን የሚሆነውን። መኪናዋ ያቺው ደጅ የቆመችው ናት፤ ሌላ አይገዛም። እንዲህ ያለው ቤት ከኋላ ጥንድ ጥንድ ጎማ ያለው ጠንካራ መኪና እንደሚፈልግ በሥራው ያለ ሁሉ ያውቃል። ኦሪን ሊስቅ ነበር፤ የሰውየውን ፊት ሲያይ ተወው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ ላይል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንድን ሰው ያን ቤት በዚህች መኪና አስጭነው የኮልተርን ቁልቁለት ቢያስነዱት፣ በሕይወት ታች ይደርሳል?»

«ማንን ነው?»

«እንዲሁ ነው። ቢገለበጥስ፣ ሆን ተብሎ መሆኑን የሚያውቅ ይኖራል?»

ኦሪን ጊዜ ለማግኘት ብሎ፣ መኪናዋን ልያትና ሐሙስ ተመለስ አለው። ወጥቶም የበሩ ጫፍ ላይ የተለጠፈውን የጭነት ልክ አነበበ፣ ባሌስትራውን በእጁ ዳሰሰ። ላይል አጠገቡ ቆሞ፣ በቅርቡ ባልና ሚስት ሆነው የሕይወት ዋስትና መግባታቸውን ማንም ሳይጠይቀው አወራ። ሊሄድ ሲል ዞሮ፣ «መምጣቴን ለቨርና እንዳትነግራት፣ አደራህን» አለው።

ያን ማታ ኦሪን የአካባቢው ፖሊስ አዛዥ ሸሪፉ ጋ ልደውል ብሎ ስልኩን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። ምን ብሎ ይከሰዋል? ሰውየው የጠየቀው ጥያቄ ነው።

በማግስቱ ቨርና ራሷ በትንሽ መኪናዋ መጣች። ጸጥ ያለች፣ ሹራቧን እስከ አንገቷ የቆለፈች ሴት ናት። ስለዚያው ቤትና ስለዚያችው መኪና ልትጠይቅ ነው የመጣችው፤ ቅዳሜ ኮልተርን አቋርጠው ከማዶ ያለው ሐይቅ ዳር ሊሰነብቱ አስበዋል። ኦሪን የላይልን አደራ ሳያፈርስ የሚችለውን ሁሉ ሊነግራት ወሰነ።

«ሜዳው ላይ ምንም አይታወቅዎትም» አላት። «ዳገቱንም እያቃሰተች ትወጣዋለች። ጉዱ የሚመጣው ሲወርዱ ነው። ባሌስትራው ይተኛል፤ የፊት ጎማዎቹ መሬት በቅጡ ስለማይረግጡ መሪው ባዶ ይሆናል። የሚወጣው ግድግዳ ደግሞ ክብደቱን ሁሉ ወደ አንድ ጎን ይስበዋል። ፍሬኑ ይግልና መያዙን ይተዋል። የመጀመሪያውን ጥምዝ ቢያልፉ ሁለተኛውን አያልፉም።»

ቨርና ዓይኗን ሳትነቅል አዳመጠችው። እስቲ ይድገሙልኝ አለችው፤ ደገመላት።

«ከዚያ በኋላስ?» አለች። «ሰው ምን ይላል?»

«ምን ይላል! ከአቅሟ በላይ ጫኑባት ይላል። በየዓመቱ የሚደርስ ነው፣ ማንም አይመረምረውም።» ጠጋ አለና ድምፁን ቀነሰ። «ስለዚህ ባለቤትዎ ቢለምንዎትም እንዳይነዱ። ቢቆጣም፣ ቢያለቅስም እንዳይነዱ።»

ቨርና እጇን እጁ ላይ ጣል አድርጋ፣ «አልነዳም። ቃሌ ነው» አለችው። የተነጋገሩትም በሁለቱ መካከል እንዲቀር ለመነችው። ሳታለቅስ መሄዷ ገረመው። ጀግና ሴት ናት አለ በልቡ።

ነገር ግን ልቡ አላረፈም። ዛሬ እምቢ ብትለው፣ ነገ ሲደክማት ጠብቆ ያስነዳታል። የሚበጀው መሣሪያውን ከእጁ መንጠቅ ነው። ላይል መኪናዋ አትገለበጥም ብሎ ካመነ፣ ቁልቁለቱ ምን ያደርግለታል? ኦሪን በሥራው ለመጀመሪያ ጊዜ ሊዋሽ ቆረጠ።

ሐሙስ ላይል ሲመጣ፣ ዓይን ዓይኑን እያየ፣ «በደንብ አይቻታለሁ» አለው። «ያቺ መኪና ያን ቤት እንደ ገለባ ትሸከመዋለች። ኮልተር ላይ በእሷ ሰው እገድላለሁ የሚል ካለ፣ ሌላ ዘዴ ይፈልግ።»

ላይል ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ሴራው የፈረሰበት ሰው እንዲህ ነው አለ ኦሪን በሆዱ። ላይል ዓይኑን ጠራርጎ፣ እጁን ጨብጦት ወጣ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኦሪን ግቢው ውስጥ ጎማ ሲቀይር፣ የአምቡላንስ ጩኸት ሰማ። አንድ፣ ከኋላው የሸሪፉ መኪና፣ ሁለቱም ወደ ኮልተር ሽቅብ እየበረሩ አለፉ። ምስኪን ሴት፣ ቃሏን አስጣሳት ማለት ነው። ቨርና ጋ ሊደውል ስልኩን ሲያወጣ፣ ከጥቂት ጊዜ በፊት የገባ፣ ያልሰማው የድምፅ መልእክት አገኘ።

«ኦሪን፣ ላይል ነኝ» ይላል ድምፁ፤ ነፋስ ይሰማል፣ ሰውየው እየሳቀ ነው። «የኮልተር አናት ላይ ቆመን ነው የምደውልልህ። ያን ቀን አፍሬ ያልነገርኩህ ነገር አለ፤ ቨርና ልትገድለኝ ነው ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር የመጣሁት። ተባረክ፣ ከጥርጣሬ አወጣኸኝ። ይኸው እኔ እየነዳሁ ልወርድ ነው፤ እሷ በራሷ መኪና ከኋላዬ ናት።»