ግማሽ ዙር

ማንሻውን በሁለት እጄ ወደ ኋላ እስበዋለሁ፤ ንቅንቅ አይልም። የሲሚንቶው ቱቦ ከትራክተሯ መቆፈሪያ ክንድ ላይ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ወደ ታች ይወርዳል። አይወድቅም፤ ይወርዳል፤ በደቂቃ አንድ ጣት ያህል። ከሥሩ ወንድሜ አለ።

ቱቦውን ወደ ቦዩ ዝቅ እያደረግሁለት ሳለ ነው ግድግዳው የተናደው። አፈሩ በጀርባው አንጋሎ እስከ ወገቡ ቀበረው። ማንሻውን ቶሎ ለቀቅሁት፤ ግን ወደ መሃል ሊመለስ የስንዴ ቅንጣት ታህል ሲቀረው ነክሶ ቀረ። ክንዱን ደግፎ የያዘውን ዘይት እያሾለከች የምታወርደው ያቺ ክፍተት ናት። ሞተሩን አጠፋሁት፤ የቱቦው ክብደት ራሱ ዘይቱን እየገፋ መውረዱን ቀጠለ። አስነሳሁት፤ ያው። ሌሎቹ ማንሻዎችም እንደዚያው ደርቀዋል። ሠራተኞቹ ሁለት አካፋ ከሥሩ አጋድመውለት ነበር፤ እጀታቸውን እንደ ክብሪት ሰበረው።

«ጋሼ!»

«አለሁ፤ የት እሄዳለሁ ብለህ ነው?» ይላል ከታች። ቱቦው ስለሚጋርደው አይታየኝም፤ ድምፁ ብቻ ነው የሚመጣው። «ያቺ ትራክተር ሙሽራህ ዛሬም አኮረፈች?»

«ትንሽ ነገር ነው፤ አሁን አነሳዋለሁ።»

«ተረጋግተህ ሥራ። እኔ እንደሆንኩ ቀጠሮ የለኝም።»

አለቃው ከቦዩ ራቅ ብሎ ስልክ ያወራል። «አደጋ ደርሶብናል» ይላል። ደርሶብናል! እንደ በረዶ ከሰማይ የዘነበ አስመስሎት። ትናንት ለግድግዳው መደገፊያ ጣውላ ብንጠይቀው፣ «ለሁለት ሜትር ጉድጓድ? ቤት ልትሠሩ ነው እንዴ?» ብሎ ያሳቀብን ሰው ነው። ጣውላው መጋዘን ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ ከሌላ ሰው ጋር ነው፤ ያ ሌላ ሰው ዛሬ አልገባም። ባንቀው ደስ ይለኝ ነበር። እጄ ግን ሥራ ይዟል።

ተንበርክኬ ማንሻውን ከዘይት መክፈቻና መዝጊያው ቫልቭ ጋር የሚያያይዘውን ፒን መትቼ አወጣለሁ። ማንሻው ብቻውን እንደ ልቡ ይወዛወዛል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም ማለት ነው። በቫልቩ ውስጥ የሚመላለሰውን ዘንግ ጫፉን በፒንሳ ይዤ እጎትታለሁ፤ ከድንጋይ ጋር አብሮ የተፈጠረ ይመስላል። ቫልቩ እጅ ያቃጥላል። ገና ሥራ ስንጀምር፣ ብረቱ ቀዝቃዛ ሳለ፣ ከበድ ይበል እንጂ ይሠራ ነበር።

«ዘይት ይንጠባጠባል!» ይጮኻል አለቃው፣ ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ። «ቡሎኑ ላልቷል፤ አጥብቀው እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?»

አጥብቀው።

ቡሎኖቹን አያለሁ። የቫልቩን ክፍሎች ጎን ለጎን ደርድረው የሚያስሩት አራት ረጃጅም ቡሎኖች ናቸው። በክፍሎቹ መካከል ዘይት ያልበው ስለነበር፣ ዛሬ ጠዋት የመፍቻውን እጀታ በብረት ቧንቧ አስረዝሜ፣ ሙሉ ክብደቴን ጥዬበት አጠበቅኋቸው። አንድ ጠብታ ዘይት ለምን ይባክናል ብዬ። ጎበዝ ነኝ ብዬ። ወንድሜ አይቶኝ፣ «ተው፣ ሲከር ይበጠሳል» ብሎኝ ነበር። አልተበጠሰም። ብረቱን ጨምቄ አጣመምኩት፤ ሲሞቅ ደግሞ ዘንጎቹን አንቆ ያዛቸው።

እስካሁን በልቤ አለቃውን ስሰድብ ነበር። ስድቡ ይገባዋል፤ አንዲቱንም ቃል አልመልስም። ቫልቩን ያነቅሁት ግን እኔ ነኝ።

ማላላት አለብኝ። ካበዛሁት ዘይቱ በኃይል ይወጣና ቱቦው በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ስንት እንደሚበዛ አላውቅም። የሚነግረኝ መጽሐፍ የለም፤ ያለኝ የእጄ ግምት ነው፤ የእጄን ግምት ደግሞ ጠዋት አይቼዋለሁ።

«ጋሼ።»

«ኧ?» ድምፁ ቀጥኗል።

«ጠዋት ያጠበቅኋቸው ቡሎኖች... እነሱ ናቸው የያዙት። እኔ ነኝ።»

ሠራተኞቹ አፈሩን በእጃቸው ሲጭሩ ይሰማል።

«ትንሽ ላላላቸው ነው። ከተሳሳትኩ ይወድቅብሃል። ካልነካኋቸው ደግሞ...»

«ፊቴ ላይ ደርሷል» ይላል። ይተነፍሳል። «ዕድሜህን ሙሉ አንድ ቀን ሰምተኸኝ አታውቅም። አሁን ስማኝ። ፍታ።»

«እንዳትፈታው!» አለቃው እየሮጠ ይመጣል። «እኔ ኃላፊነት አልወስድም!»

«መቼ ወስደህ ታውቅና!» እለዋለሁ፤ ስድስት ወር ሙሉ አንቱ ስለው የኖርኩትን ሰው።

መፍቻውን አስገብቼ የመጀመሪያውን አላላለሁ። ግማሽ ዙር። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። አራተኛው ላይ ዘይቱ ፈንጥቆ የእጄን አንጓ ይለበልበኛል፤ የትራክተሯ ክንድ ከላዬ ይንቀጠቀጣል፤ ከቦዩ ውስጥ አንዱ «ወረደ!» ብሎ ይጮኻል። ዘንጉን በፒንሳ ይዤ፣ ጥርሴን ነክሼ እስባለሁ።

ዘንጉ ይላወሳል። ሞተሩ ያቃስታል። ሰንሰለቱ ይወጠራል።

ቱቦው ይነሳል፤ ቀስ ብሎ፣ ጭቃ እያንጠባጠበ፣ ከቦዩ አፍ በላይ፣ ከራሴ በላይ። ላይ የቀሩት ሠራተኞችም ዘለው ይገባሉ። ወንድሜ ሲያስል እሰማዋለሁ፤ ከዚያ ሲሳደብ። እኔ ፒንሳውን አልለቀቅሁም። ቀና ብዬ የቱቦውን ሆድ አያለሁ።

ግራጫው ሲሚንቶ ላይ የወንድሜ የጭቃ መዳፎች ታትመዋል። ሁለት ብቻ አይደሉም። ጣቶቹ ተዘርግተው፣ ተንሸራትተው፣ ከጎናቸው እንደገና ሽቅብ ገፍተው፣ አንዱ በአንዱ ላይ። የመጨረሻዎቹ ላይ ከጭቃው ጋር ደም አለ።