ስምንት ዓመት

ራዲያ ለእናቷ የሞላሁላትን ፎርም በፖስታ ይዛ በሩን ከፍታ ልትወጣ ስትል «ቆይ እስቲ፣ ግሪን ካርድሽን ልየው» አልኳት።

ልማድ ነው። አዲስ አበባ፣ መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ሃያ ሁለት ዓመት ለሥራ ወደ ውጭ የሚሄደውን ሰው ወረቀት ስመረምር ነው የሸበትኩት። አሁን ደግሞ፣ በፈረንጆቹ 1985፣ ፌርፋክስ ላይ፣ ከአንድ ልብስ ማጠቢያ ላውንደሪ በላይ ባለች ቢሮ፣ ስደተኛው ዘመዱን እንዲያስመጣ ፎርም እሞላለሁ።

የልደት ዓመቷ 1953 ይላል።

ልጅቱ ገና ሃያ አራቷ ነው። ካርቱም ላይ ለስደት ስትመዘገብ ሲጠይቋት በእኛ አቆጣጠር «ሃምሳ ሦስት» አለች፣ ፈረንጁም እንደወረደ ጻፈው። የእናቷን ግን ትናንት የሞላሁት እኔ ነኝ፤ 1935ን ወደ ፈረንጅ ለውጬ፣ 1943 ብዬ፣ በትክክል። እንግዲህ በወረቀቱ እናትየው ራዲያን የወለደቻት በአሥር ዓመቷ ነው! ይህን ያየ የኢሚግሬሽን ኦፊሰር «እናትሽ አይደለችም» ብሎ ይዘጋዋል፤ ሴትዮዋም ካርቱም ትቀራለች። ኢሚግሬሽን ያላት ቀጠሮ ሊደርስ የቀረው አንድ ሰዓት ብቻ ነው።

ነገርኳት። ፊቷ አመድ መሰለ። ዌስትቼስተር ሆቴል ውስጥ አልጋ የምታነጥፍ ልጅ ናት፤ የዛሬዋን ኦፍ ያገኘችው ለምና ነው። ከዚያ ዘዴ መጣላት።

«ሶ፣ የእማዬም ላይ ስምንቱን አትጨምርበታ። 1935 በለው፣ ይገጥማል።»

እውነቷን ነው፣ ይገጥማል። ድሮ ወደ ቤይሩት የምትሄድ አንዲት ልጅ ወረቀቷ ላይ ባገኘሁት የአንድ ዓመት ልዩነት መልሻለሁ። «ጌታዬ፣ የተሳሳተው ቁጥሩ ነው እንጂ እኔማ እኔው ነኝ» ብላኝ ነበር። እኔ ግን ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራሁ።

«የተነቃባችሁ ቀን ሁለታችሁም አለቀላችሁ» አልኳት።

«እውነቱን ስትጽፍ እኔን ቢያባርሩኝስ?» አንቱታ የሚባል ነገር ድሮም አታውቅም። ፈራሁ።

ታይፑ ላይ ወረቀት ሰካሁ። ዘመናችን ከዘመናቸው ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መሆኑን፣ ስህተቱም የልጅቱ አለመሆኑን ጻፍኩ። ፈረምኩና እጄ በራሱ ጊዜ መሳቢያ ከፍቶ ማኅተም ፈለገ። ያለው እርሳስና አግራፍ ብቻ ነው።

«ማን ነው ይህን የጻፈው ቢሉኝስ?» አለች።

ሃያ ሁለት ዓመት የተቀመጥኩት ከባለጉዳይ መስኮት ጀርባ ነው። ኮቴን ከወንበሩ ላይ አነሳሁ።

«መኪናሽን የት ነው ፓርክ ያደረግሽው?» አልኳት።