የአባቷ ጆሮ

ሽማግሌው መካኒክ የካቻቢቴውን ጫፍ በሚሠራው ሞተር ላይ፣ እጀታውን በጆሮው ላይ አስደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። ሴት ልጁ ትንፋሿን ውጣ ጠበቀች። ልትገዛት ያሰበቻት ያገለገለች ትንሽ መኪና ነዳጅ ቆጣቢ ነበረች፤ መለዋወጫዋም እንደ ልብ ይገኛል። የቀረው የአባቷ ጆሮ ብቻ ነበር። ያ ጆሮ መኪና ገና ከጋራዡ በር ሳይገባ ሕመሙን ያውቃል ሲባል እየሰማች ነው ያደገችው።

ሞተሩ ኳ፣ ኳ፣ ኳ ይላል። ስለ መኪና የማታውቀው ልጅ እንኳ ከቆመችበት ሰማችው። አጠገባቸው የቆመው የመኪናዋ ሻጭ አንገቱን ደፋ። ይህ ሞተር ዛሬ ነገ ሳይል መውረዱ አይቀርም፤ ማሠሪያው ደግሞ ሌላ መኪና ይገዛል።

«እንደ ሰዓት ነው የሚሠራው!» አለ አባቷ ፊቱ በርቶ። «ዓይንሽን ጨፍነሽ ግዢ።»

«ቀለሟን አልወደድኩትም፣ አባዬ» አለችው ጮክ ብላ።

«ወይ አንቺ! መኪና በቀለም ይገዛል?» ብሎ ሳቀ። ዘወር ብሎ የሻጩን ፊት ሲያይ ግን ሳቁ ከንፈሩ ላይ ደረቀ። ካቻቢቴውን በጨርቅ ጠረገ፤ ደግሞ ጠረገ፤ ከዚያ እጇ ላይ አስቀመጠላት።

«ያንኳኳል እንዴ?» አላት።