ደፉን ያልረገጠችው ልጅ

በደሴ የየቤቱ ደፍ የልጆችን እርምጃ ማንበብ ከጀመረ ሰባት ዓመት ሆኖታል። የልጅ እግር ከተንገዳገደ ደፉ ቢጫ ይበራል፤ ልጁም በዚያው ዕለት ጭንቅላቱን ይመረመራል። የጭንቅላት ዕጢ ካለ ገና በትንሽነቱ ስለሚገኝ ብዙዎቹ ድነው ይመለሳሉ።

ፍሬሰላም ግን ስድስት ዓመት የሞላትን ልጇን ናርዶስን አዝላ ከቤት ስታወጣ ዛሬ አራተኛ ቀኗ ነው። ጎረቤቷ እትዬ አስካለ ይህን በመስኮት ሲያዩ ሰንብተው፣ ዛሬ መጥተው በሩ ላይ ቆሙባት።

«ምነው፣ ጫማዋ እንዳያልቅ ነው?»

«ምች መቷት ነው፣ እትዬ። ጠዋት ጠዋት ራሷን ያማታል፣ ያስመልሳታል። ዳማከሴ አሽቻታለሁ።»

የዳማከሴው ሽታ ከልጅቷ ፀጉር ሲመጣ እትዬ አስካለ የበሩን መቃን ያዙ።

«እኔም ልጄን ምንይችልን ሁለት ወር ሙሉ አሸሁት። ሲያስመልሰው ምች ነው አልኩ፤ ሲንገዳገድ ደግሞ ቡዳ ነው አልኩ። ሐኪም ቤት ስንደርስ ዓይኑ አያይም ነበር። ያኔ የሚነግረኝ ደፍ አልነበረም፤ አንቺ ግን እያወቅሽ ነው።»

ፍሬሰላም አንገቷን ደፋች። «እስካልረገጠች ድረስ እኮ ደህና ናት።»

«ደፉ አያሳምምም፣ ልጄ። ያለውን ነው የሚናገረው።»

«እማዬ፣ አውርጂኝ! ሕፃን ነኝ እንዴ?» አለች ናርዶስ ከጀርባዋ።

ፍሬሰላም ማዘያዋን ፈታች። ናርዶስ ግድግዳውን ተደግፋ ረገጠች። ደፉ ቢጫ በራ።

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አጣፉና የልጅቷን እጅ ያዙ።

«በይ በሩን ቆልፊና ተከተይን» አሉ፤ «የአሁኑን ቀድመነዋል።»