የተሸጠ ወንበር

ጋዜጦች ዜና መጻፉን ትተው ከባለሥልጣን ጋር ራት የሚበላበትን ወንበር መሸጥ ከጀመሩ ወዲህ፣ የጋዜጣ አዘጋጇ የትርሲት ሳሎን ገበያ ሆኗል። ዛሬ ከሚኒስትሩ ጎን ያለውን የገዛው የቆዳ ፋብሪካ ባለቤት ነው። እንግዶቹ ገበታ ሊቀርቡ ሲሉ አባቷ አቶ ደምሰው ከገጠር ደረሱ።

«ልጄ፣ የቆዳ ፋብሪካው ወንዛችንን እንደበከለው ለሚኒስትሩ ልንገራቸው።»

«አባዬ፣ ወንበር ያልገዛ አያናግራቸውም።»

«ቆሜ እነግራቸዋለሁ።»

ሚኒስትሩ ዞር ብለው «ማናቸው?» አሉ።

«አስተናጋጃችን ናቸው» አለች፣ ድንግጥ ብላ።

አቶ ደምሰው ልጃቸውን እንዳያሳፍሩ ማስታጠቢያውን አንስተው ሚኒስትሩን አስታጠቡ፤ ባለፋብሪካውንም አስታጠቡ። ተራው የትርሲት ሲሆን እጇን መዘርጋት አቃታት።

አባቷ ጎንበስ እንዳሉ፣ በሹክሹክታ «ታጠቢ እንጂ ልጄ፣ እያዩን ነው» አሏት።